ዳኛው ያቃጠሏቸው መዝገቦች

መሐል ዴንቨር፣ ዌስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በ2010 የተከፈተ ትልቅ ፍርድ ቤት አለ። ስሙ ሊንድሲ ፍላኒጋን ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኛ ታክሲ ነጂዎች አድራሻውን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ወላጆችን ከነልጆቻቸው አድርሰን የምንመልስበት ቤት ነውና። ፍላኒጋን ጥቁር አሜሪካዊ ዳኛ ነበሩ፤ የእርሳቸው ታሪክ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማነሣው የመጀመሪያውን ስም ባለቤት፣ ዳኛ ቤን ሊንድሲን ነው። ልጅ በምስጢር የነገረን ነገር የት ይጻፋል? ማንስ ያነበዋል? በዚህ ጥያቄ በዴንቨር ከእርሳቸው የበለጠ የተፈተነ ሰው አላውቅም።

ሊንድሲ በ1869 በቴነሲ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ዴንቨር የመጡ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጫጫ ሰው ነበሩ። ገና በጉርምስና ዕድሜያቸው ሳሉ አባታቸው ራሳቸውን አጠፉ። እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሽጉጥ በራሳቸው ላይ አነጣጥረው ጥይቱ ከሽፎ ነው የተረፉት። ልጅ የሚሸከመውን ጭንቀት ከመጽሐፍ አልተማሩትም ማለት ነው። በ1901 የዳኝነት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በ1903 ኮሎራዶ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ሕግ ስታወጣም ዋናው ገፋፊ እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሎውሪ ሰፈር ገና የአየር ኃይል ጣቢያ እንኳ አልሆነም ነበር፤ ከ1904 ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ ነበረበት።

ሊንድሲ ከከፍታ ወንበር ወርደው ከልጁ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ የአስተማሪዎቻቸውን ማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ዳኛውም በልጆቹ ፊት ያነቡታል። ጎልደን ወደነበረው ማረሚያ ትምህርት ቤት የሚላከውን ልጅ የራሱን የፍርድ ወረቀት በእጁ አስይዘው፣ ያለ ጠባቂ፣ ብቻውን በባቡር ይልኩት ነበር። አገር ቤት ሳስተምር የተማሪ ጠባይ በአንዲት ፊደል ይመዘን ነበር፤ ያችን ፊደል ለምን እንዳገኘ ሳይነገረው ካርዱን ተቀብሎ የሚሄደውን ልጅ ሳስብ፣ የሊንድሲ አሠራር ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ትልቁ ፈተና ግን በ1910ዎቹ መጣ። አንዲት ሴት ባልዋን ገድለሻል ተብላ ተከሰሰች። ትንሹ ልጅዋ ስለዚያ ቀን ለዳኛ ሊንድሲ በምስጢር ነግሯቸው ነበር። ፍርድ ቤት ጠርቶ ልጁ ምን እንዳለ ተናገሩ ቢላቸው እምቢ አሉ። ችሎት ደፍረዋል ተብለው 500 ዶላር ተቀጡ። ይግባኝ ቢሉም የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1919 ቅጣቱን አጸና። ለጠበቃ፣ ለሐኪምና ለቄስ የተነገረ ምስጢር በሕግ ይጠበቅ ነበር፤ ልጅ ለልጆች ዳኛ የነገረው ግን ከዚያ ጥበቃ ውጭ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ክፉ ዘመን ነው። በ1924 በኮሎራዶ ኩ ክለክስ ክላን ምርጫውን ጠራረገው። ገዢው ክላረንስ ሞርሊ የክላን ሰው ነበሩ፤ የዴንቨሩ ከንቲባ ቤን ስቴፕልተንም እንዲሁ። (የቀደሙት ታክሲ ነጂዎቻችን የሚያስታውሱት፣ በ1995 የተዘጋው አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው በእኒሁ ሰው ስም ነው። ሰፈሩ ስሙን ወደ ሴንትራል ፓርክ የለወጠው በ2020 ነው።) ሊንድሲ ክላንን በግልጽ ይቃወሙ ስለነበር ወንበራቸው ተፈለገ። በ1924ቱ ምርጫ አሸንፈዋል ቢባልም የድምፁ ክርክር ከሁለት ዓመት በላይ ተጎትቶ በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበሩን ነጠቃቸው።

እንግዲህ አስቡት። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የተከማቸ የልጆችና የወጣት ሴቶች ምስጢር በካቢኔት ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ግን ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም። ሊንድሲ ከመውጣታቸው በፊት መዝገቦቹን አውጥተው በገላጣ ሜዳ ላይ፣ ጋዜጠኞች እያዩ አቃጠሏቸው። በ1929 በሌላ ጉዳይ የጥብቅና ፈቃዳቸው ተነጠቀ፤ በ1935 ተመለሰላቸው። እርሳቸው ግን ካሊፎርኒያ ሄደው እንደገና ዳኛ ሆነዋል፤ እዚያው በ1943 አረፉ።

እኔ ማቃጠላቸውን እደግፋለሁ። «ፋይል አለው» የሚለው ቃል ሰው በሚያስርበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኛ ሰው ምስጢሩን ለንስሐ አባቱ የሚናገረው መዝገብ ስለሌላቸውም ጭምር ነው። ሆኖም የእሳቱ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ በልጅነቴ ምን ሆንኩ፣ ማን ረዳኝ ብሎ ቢመጣ ያገኘው አመድ ነው። መዝገቡ የልጁም ነበር።

የዛሬው ሕግ በሁለቱ መካከል ለመቆም ይሞክራል። በኮሎራዶ የሥነ ልቦና ቴራፒስት ያልጻፈም፣ ጽፎ ያቃጠለም ይጠየቃል። የአዋቂ መዝገብ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። የልጅ ከሆነ ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው ሕክምናው ካለቀበት ወይም ልጁ 18 ዓመት ከሞላው፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ነው፤ ከ12 ዓመት በላይ ግን ግዴታ የለም። ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል የሕክምና ምስጢር ደንብ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይለያል። ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ የሕክምናው ዕቅድና የቀጠሮው ሰዓት ዋናው መዝገብ ውስጥ ይገባሉ። ቴራፒስቱ ስለ ንግግሩ ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ለብቻው ከተቀመጠ ወላጅም ሆነ ታካሚው አሳየኝ ብሎ የማስገደድ መብት የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ቴራፒስት ዋናው መዝገብ ላይ «ልጁ በቤት ጠብ ምክንያት እንቅልፍ አጥቷል» ብሎ ይጽፋል እንጂ ልጁ አባቱን የሰደበበትን ቃል አይገለብጥም።

ምስጢሩ የማን ነው የሚለውን የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 እንደገና አየው። በልጅ ጥበቃ ጉዳይ የወላጅና የልጅ ጥቅም ከተጋጨ፣ ልጁም ለመወሰን ገና ትንሽ ከሆነ፣ ምስጢሩን የሚይዘው ለልጁ የቆመው ሞግዚት ነው ተባለ። በዚያው ጉዳይ ሞግዚቱ የቴራፒስቱን ደብዳቤ ለሌሎች ወገኖች በማደሉ የምስጢሩ መከለያ በከፊል ተነሣ። አንድ ደብዳቤ ነው ይህን ያደረገው።

በ2019 ደግሞ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የምክር ሕክምና እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ ቀድሞ ዕድሜው 15 ነበር። በታክሲዬ ውስጥ ስለዚህ ሕግ ብዙ እሮሮ ሰምቻለሁ። «ልጄን ከእኔ ሊደብቁት ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሕጉ ቴራፒስቱ ልጁን ስለ ወላጅ ጥቅም እንዲያነጋግረው ያዛል። ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ የተናገረ ልጅ ጉዳይ ዝም አይባልም፤ በልጅ ላይ የሚደርስ በደልም ለመንግሥት መነገር አለበት። ምስጢር የሚሾልከው ይልቁንስ ከማይታሰብበት ቦታ ነው። በአባት ኢንሹራንስ የታከመች ልጅ ያየችው ሐኪም ስምና ቀን በፖስታ ተጽፎ ቤት ይመጣል።

ሌላው ቀዳዳ ትርጉም ነው። አውሮራ ውስጥ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ማየት የተለመደ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ግን ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። በመጀመሪያው ቀን ቴራፒስቱ ስለ ምስጢር አጠባበቅና መዝገቡ ስለሚቆይበት ዘመን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ከመፈረም በፊት አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ በነፃ ይሰጣሉ።