ምን ጭነህ መጣህ?

ከዲላ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛን አቀበቱ የሚቀበለው ገና ከከተማው ጫፍ ነው። እኔ እዚያ የደረስሁት በኅዳር ወር ነበር፤ ከአዲስ አበባ በብስክሌት ብቻዬን ተነሥቼ፣ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አልፌ፣ ሐዋሳ ላይ አንድ ቀን ዐርፌ፣ በስድስተኛው ቀን። እስከ ሐዋሳ ያለው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ እግሬን አሞኝቶት ኖሯል። ከሐዋሳ ወዲያ ግን ምድሪቱ ትታጠፋለች፤ አንዱን ጉብታ ተገላገልሁ ሲሉ ሌላው ከፊት ይደቀናል። ዲላ በ1ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ይርጋጨፌ ደግሞ ወደ 1ሺህ 900 ሜትር ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል ያለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለመኪና ምንም አይደለም። ፀሐይ በበረታበት ቀን በብስክሌት ለሚወጣው ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚበቃ ሥራ ነው።

መድረሻዬ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ የምትገኘው ኮንጋ ነበረች። ስሟን አስቀድሜ ያነበብሁት በቡና ከረጢት ላይ ነው። የብዙ ሰው ማለዳ የሚነቃባት ቡና የበቀለችበትን አፈር በገዛ ጉልበቴ ሄጄ ላያት ተመኘሁ። ጉዞዬንም፣ አልደብቅም፣ እንደ ጀብዱ ቆጥሬው ነበር።

ለዚህ ምክንያት የሆኑኝ መጻሕፍት ናቸው። ብቻቸውን በብስክሌት ሩቅ አገር የተጓዙ ሰዎችን ታሪክ አብዝቼ አንብቤአለሁ። ፖላንዳዊው ካዚሚየዥ ኖቫክ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1936 አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ወርዶ እንደ ገና ወደ ሰሜን ተመልሶባታል፤ በብስክሌት ጀምሮ በእግር፣ በፈረስ፣ በግመልና በጀልባ ጭምር 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአውሮፓ እስከ ሕንድ ብቻዋን በብስክሌት ሄዳለች። ይህችው ሴት በ1966 ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ በሰሜኑ ደጋ በእግሯ ተጓዘች። እንዲያ ዓለምን በብስክሌት ያቋረጠች ሴት በኢትዮጵያ ተራራ ፊት በቅሎን መምረጧ ሁልጊዜ ያስገርመኝ ነበር። ስንቅ የሚሸከም እንስሳ ማስከተል ለዚህ አገር መልክዐ ምድር የቆየ ጥበብ መሆኑ የገባኝ የዲላን አቀበት ስጀምር ነው።

እኛም ብንሆን ለብስክሌት ባዕድ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ የተወዳደረችውም በሁለት ስፖርቶች ብቻ ነበር፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የእሽቅድምድም ታሪክ ነው። ለማንም ሳይወዳደር፣ ለብቻው፣ መንገዱን ለማየት ብቻ የሚጓዝ ብስክሌተኛ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም ፈረንጅ ነው። የምኮራበት ነገር ያገኘሁ የመሰለኝ እዚህ ላይ ነበር።

ኩራቴ ወናጎ ድረስ እንኳ አልዘለቀም። የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አንድ ጎሚስታ ደረስሁ። ሰውየው ካላማደሪያውን አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ እያዞረ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ ፈለገ፤ አገኘ፤ ለጠፈ። ሒሳብ ስጠይቀው ሳቀ።

«እኔ የማስከፍለው ባለ ሞተሩን ነው። አንተማ እግረኛ ነህ» አለኝ።

እግረኛ! ቃሉ መጀመሪያ ቅር አሰኘኝ፤ ወዲያው ግን ዓይኔን ከፈተልኝ። ቀና ብዬ መንገዱን ስመለከት ብቻዬን የሚያሰኝ አንዳች ነገር አልነበረም። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እሸት ቡና በጆንያ የተሸከሙ፣ እንሰት ያዘሉ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና ወንዶች ያንኑ አቀበት ይወጡ ነበር። አንዳንዶቹ ከእኔ ይፈጥናሉ። ብዙ የውጭ አገር ብስክሌተኞች በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ስለሚከተሏቸው ልጆች በምሬት ጽፈዋል። እኔን የተከተሉኝ ግን ከኋላ ይዘው ገፉኝ። አንዲት ጆንያ የተሸከመች ሴት ስታልፈኝ «አይዞህ!» አለችኝ። ሸክሙ እርሷ ላይ፣ አይዞህ ለእኔ!

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የወጣሁት ስለዚህ ሸክም እያሰብሁ ነው። የጌዴኦን ታሪክ ከአንድ ወገን ያየነው እንደ ሆነ ወደ ላይ የተሸከሙ ሰዎች ታሪክ ነውና።

ከሁሉ በፊት ድንጋዮቹ አሉ። በጌዴኦ ኮረብታዎች ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ በብዛት ይገኛሉ፤ በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ቁጥራቸው ከ1ሺህ በላይ ነው። ፈረንሳዊው የቅሪተ ታሪክ ባለሙያ ሮዤ ዡሶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቆፍሮ አጥንቷቸዋል። ለረጅም ጊዜ የአንድ ሺህ ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ ያሉት ከመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ጀምሮ የቆሙ መሆናቸውን አሳየ። ሁለት ሺህ ዓመት! በእጄ የያዝሁት ሁለት ሊትር ውኃ የከበደኝ ሰው፣ ያንን ድንጋይ ወደ ጉብታ አናት ያወጡትን ትከሻዎች አሰብሁ። መንኰራኵር ስለመኖሩ የሚነግረን ነገር የለም። ትከሻ ግን ነበረ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሸክም በገዛ ፈቃድ የተነሣ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ፣ የጌዴኦ ገበሬ እንደ ሌሎቹ የደቡብ ሕዝቦች ሁሉ በገባር ሥርዓት ታሰረ። ስሙ እንኳ የራሱ አልነበረም፤ በመንግሥት መዝገብ «ደራሳ» ተብሎ ተጻፈ። ገባር የሚከፍለው በእህልና በማር ብቻ አይደለም፤ በጀርባውም ጭምር ነው። የጌታውን ስንቅና ግብር ከገጠር ወደ ከተማ ያደርስ ነበር። በኋላ ቡና ዋጋ ሲያወጣ መሬቱ ላይ ዓይን በዛ። ቡናውን ተክሎ ያሳደገው ሰው በራሱ ዛፍ ጥላ ሥር ጭሰኛ ሆነ።

ይህ ሸክም በ1952 ዓ.ም. መሬት ላይ ተጣለ። የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሡ፤ ሚችሌ በተባለው ሥፍራም ጦርና ጎራዴ ይዘው ጠመንጃ ከታጠቀው ኃይል ጋር ገጠሙ። ተሸነፉ። ብዙ ሰው አለቀ። በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የሚችሌ ዐመፅ የሚያገኘው ቦታ አንድ አንቀጽ ቢሆን ነው። ከእርሱ በኋላ ግን «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰማ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። ዐዋጁን የተማሪዎች ልጅ አድርገን መቍጠር ለምደናል። አያቶቹ ግን በዚህ ኮረብታ ላይ ጦር ይዘው የወጡት ናቸው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ኮንጋ የደረስሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሙቀቱ በኋላ የገባሁበት ጥላ እንደ ቤት ነበር። እዚያ እርሻና ደን አይለያዩም። ከላይ ታላላቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ሕዝቡ የሚበላውን፣ የሚሸጠውንና የሚያመልክበትን በአንድ መሬት ላይ ደራርቦ ተክሎታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ስለዚህ ነው። በየአልጋው ላይ ጀንፈል ተሰጥቶ ነበር፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው እያገላበጡ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ የሚለየው በጣት ነው።

ያሳደሩኝ ሽማግሌ አማርኛቸው የተመጠነ ነበር። ብስክሌቱን ዞር ብለው መረመሩት፤ ጎማውን ጫን አደረጉት፤ የኋላውን መጫኛ ነካ ነካ አደረጉትና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን ጭነህ መጣህ?»

«ምንም አልጫንሁም፣ አባባ። እንዲሁ አገር ለማየት ነው።»

«ከአዲስ አበባ ድረስ? ባዶህን?»

«ባዶዬን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቀፋ አልነበረበትም፤ ማዘን ይመስል ነበር። ማታ ቆጮ እየበላን ያንኑ መንገድ አነሡት። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ሲነሣ፣ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ጌዴኦና ጉጂ አብረው የኖሩ፣ የተጋቡ፣ በሽምግልና የተሳሰሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ያም ሆኖ ሆነ። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በተፈናቃይ ሞሉ።

«በዚህ መንገድ ሰው ሲመጣ ዐየሁ» አሉኝ፤ «ልጅ ያዘለ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ አሮጊት እናቱን ያዘለ። ባዶውን የመጣም ነበር። ባዶውን የመጣው ነው ያስለቀሰኝ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ብቻዬን፣ በገዛ ጉልበቴ፣ ምንም ሳልይዝ» ብዬ የምመካባቸው ሦስቱ ነገሮች በዚያ መንገድ ላይ የመከራ ስሞች ሆነው አገኘኋቸው። ለኖቫክና ለመርፊ ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ እነርሱ የሄዱበትን መንገድ ሰው ሁሉ ቢሄድበት እመኛለሁ። ነገር ግን በራስ ጉልበት ሩቅ መሄድ ጀብዱ የሚሆነው የሚመለሱበት ቤት ላለው ነው። ለሌላው ኑሮ ነው፤ ሲከፋም ስደት ነው። የመንገዳችንን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ከመኪናው መስኮት የታየውን፣ ከነገሥታቱ ሰልፍ ኋላ የተነሣውን አቧራ ጽፈናል። አቀበቱን በትከሻው የሚያውቀው ሰው ግን ገና ተራው አልደረሰውም። ቁልቁለት ለታሪክ ይመቻል፤ ቶሎ ያልፋልና። አቀበት ያዘገያል፤ ያዘገየውም ሰው ጎረቤቱ ምን እንደ ተሸከመ ለማየት ጊዜ ያገኛል። ብስክሌት ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ልሰናበት ስል ሽማግሌው አንድ ቋጠሮ ይዘው መጡ። ቡና ነበር።

«ልጄ ዲላ ናት፤ ገበያው አጠገብ። አድርስልኝ። መጫኛህ ባዶውን ከሚመለስ» አሉና በገመድ አጥብቀው ራሳቸው አሰሩት። ቋጠሮውን ነካ አድርገው መረቁኝ።

የሚበልጠው መንገድ ቁልቁለት ነበር፤ ነገር ግን እንደ መጣሁበት አልነበረም። ቋጠሮው በየኵርባው ወደ ጎን እየጎተተኝ ፍሬኔን አብዝቼ ያዝሁ። በየመንገዱ ጭነት የያዙ ሰዎች ጭነቴን ዐይተው ሰላም አሉኝ። ወናጎ ላይ ጎሚስታው ከሩቅ ዐይቶ እጁን አነሣልኝ።

ዲላ ስገባ እኩለ ቀን ሆኖ ሙቀቱ በርትቶ ነበር። ልጅቱን ጠይቄ አገኘኋት። ቋጠሮውን ተቀበለችና በእጇ መዘነችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ስለ አባቷ ጉልበት፣ ስለ ዘንድሮው ቡና፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት።