ጉግኒ

ጉግኒ በሰሜን ሕንድ፣ ይልቁንም በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ ላይ በተዘረጋው በኡታር ፕራዴሽ፣ ከእሸት አተር የሚሠራ፣ መረቅ የሌለውና በጥቂት ቅመም የሚከሸን ማባያ ነው። አዋድ በተባለው አውራጃ በላክናው ዙሪያ፣ በስተምሥራቅም በባናራስና በአላሃባድ፣ የብርዱ ወራት ሲገባ ጧት ከሻይ ጋር፣ በምሳና በራት ጊዜም ከሮቲ ቂጣ ወይም ከሩዝ አጠገብ ይቀርባል፤ ወገኑም ከድግስ ማዕድ ይልቅ የዘወትር ገበታ ነው።

አተር፣ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ፒሱም ሳቲቩም የሚሉት፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በቅርብ ምሥራቅ ከስንዴና ከገብስ ጋር መዘራት ከጀመሩት ጥንታውያን አዝርዕት አንዱ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ የገባበትም ዘመን እጅግ የራቀ መሆኑን በኢንዱስ ሸለቆ ከነበረችው ከሐራፓ ከተማ ፍርስራሽ የተገኙት ፍሬዎች ይመሰክራሉ። የሰሜን ሕንድ ገበሬ ዝናሙ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይዘራዋል፤ እሸቱም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገበያውን ይሞላዋል። ከተቀጠፈ ጊዜ ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ስታርች እየተለወጠ ጣፋጭነቱ ስለሚቀንስ፣ ባልትና የሚያውቁ ሰዎች ከነቆባው ገዝተው፣ የቤቱ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እያወጋ እንዲፈለፍለው አድርገው፣ በዚያው ቀን ያበስሉታል።

የአሠራሩ ምሥጢር ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ለግማሽ ኪሎ የተፈለፈለ እሸት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዘይት በብረት መጥበሻ ጢስ እስኪያሳይ ድረስ ይግላል፤ ይህም አፍንጫ የሚሰነጥቀውን የሰናፍጩን ኃይል ያበርደዋል። እሳቱ ከተቀነሰ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ይጨመርና፣ ተንጣጥቶ ጠቆር ማለት ሲጀምር፣ አንዲት ቁንጥር ሂንግ ይከተለዋል። ሂንግ በአፍጋኒስታንና በኢራን ከሚበቅል ተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ሲሆን፣ ጥሬውን ሲያሸቱት የሚያስጠላ፣ የጋለ ዘይት ሲነካው ግን የተቁላላ ሽንኩርት መዓዛ የሚሰጥ ነው፤ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት የሚታቀቡት የጄይን ተከታዮችና ብዙዎቹ የቪሽኑ አምላኪዎችም ሽንኩርቱን በእርሱ ይተኩታል። ይህን ቅመምን በጋለ ዘይት የማንቃት ሥርዓት ሕንዶች ታድካ ወይም ቻውንክ ይሉታል፤ የከሙን መዓዛ ከውሃ ይልቅ በዘይት ስለሚሟሟ፣ አስቀድሞ ዘይቱን ያልያዘ ቅመም በኋላ ቢጨመር ያንኑ ያህል አይሰጥም።

ቀጥሎ የተከተፈ ዝንጅብልና ሁለት ቃሪያ፣ ወዲያውም እሸቱና ጨው ይገባሉ፤ ክዳኑ ተደፍቶ በለዘብተኛ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲቆይ፣ እንዳይዝ ጥቂት ውሃ ይርከፈከፍበታል። የፍሬው ቆዳ ሸብሸብ ሲልና በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ሳያንገራግር ሲፈርስ በስሏል። ሎሚው፣ ወይም አምቹር የተባለው ደርቆ የተፈጨ ጥሬ ማንጎ፣ ከእሳት ሲወርድ ብቻ ይጨመራል፤ ኮምጣጣ ነገር አስቀድሞ ከገባ ለእሸቱ አረንጓዴ ኅብር የሚሰጠውን ሐመልሚል አፍርሶ መልኩን ያደበዝዘዋልና። በመጨረሻ ለጋ የድምብላል ቅጠል ይነሰነስበታል። እርድ የሚጨምሩ፣ እንደ እኛ መከለሻ ያለውን ጋራም ማሳላም የሚነሰንሱ አሉ፤ ነገር ግን እርዱ መልኩን፣ መከለሻውም የእሸቱን ጣዕም ስለሚሸፍኑ፣ ቢቀሩ ይሻላል።

ከእነዚህ ቅመሞች ከሙን በነቢዩ በኢሳይያስና በማቴዎስ ወንጌል ስሙ የተጠራ ጥንታዊ ሲሆን፣ ቃሪያ ግን ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ ያስገቡት እንግዳ ነው፤ ከዚያ በፊት የማቃጠሉ ሥራ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ነበር።

በባናራስ እሸቱ ከተዳመጠ ሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ቹራ ማተር፣ ተወቅጦ ወጥ ሲሆን ደግሞ ኒሞና ይባላል። በቢሃርና በቤንጋል ጉግኒ ብሎ ያዘዘ ሰው ግን የሚቀርብለት ከደረቀ አተር ወይም ከሽምብራ የተሠራ፣ መረቅ ያለው ሌላ መብል ነው።