ብርን ማን ያስረዋል?

በአንድ ወቅት የአምቦና የጊንጪ ገበያ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ገበያ ሁሉ፣ የሚገበያየው በጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዊቷ የማርያ ቴሬዛ መልክና እ.ኤ.አ. 1780 የሚለው ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፦ አዲስ አበባ ያለ መንግሥት ሲቸግረው አትሞ ሊያበዛው አይችልም። ችግሩ ደግሞ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲናወጥ አብሮ መናወጡ ነው።

በሐምሌ 1937 የወረቀቱ ብር ጠገራውን መተካት ጀመረ። ገንዘብን የማብዛትና የማሳነስ ሥልጣን ከማዕድን ወደ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። የሁሉም ማዕከላዊ ባንኮች ሙግት የሚነሳውም ከዚህ ነው፦ ባንኩ አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ ይታሰር ወይስ እንደ ሁኔታው ያመዛዝን? ሚልተን ፍሪድማን የገንዘብ መጠን በየዓመቱ በተወሰነ ልክ ብቻ ይደግ አለ። ጆን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 ለወለድ መጠን ቀመር አቀረበ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ድርቅንና ጦርነትን አስቀድሞ የሚያውቅ ቀመር የለም ይላሉ።

ኢትዮጵያ ሁለቱንም ቀምሳለች። ደርግ ዶላርን በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ቸንክሮ ያዘ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ግን ጦርነቱ በባንክ ብድር እየተደጎመ ስለነበር ተመኑ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ፣ እውነተኛው ዋጋ ጥቁር ገበያ ገባ። መስከረም 1985 ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የ1986 አዋጅ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ብድር ላይ ጣሪያ አበጀ። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 591 ግን ጣሪያውን አነሳው። በዚያው ክረምት የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። የዓለም የእህልና የነዳጅ ዋጋም ድርሻ ነበረው፤ ሆኖም ልጓሙ የወለቀው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። በ2003 ሌላ ደንብ መጣ፦ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ ግዢ እንዲያውሉ ታዘዙ። ደንቡ አበዳሪውን እንጂ ዋናውን ተበዳሪ አላሰረም።

ሐምሌ 2016 ባንኩ ወለድን ዋና መሣሪያው አድርጎ በ15 በመቶ ጀመረ፤ የምንዛሪ ተመኑንም ለገበያ ለቀቀ። ታኅሣሥ 2017 የጸደቀው አዋጅ ደግሞ በመንግሥት ብድር ላይ ጣሪያውን መለሰ።

መልካም ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሚያስተምረው ደንብ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ልጓሙን የሚያስረውና የሚፈታው ያው ተበዳሪው ከሆነ፣ ደንቡ የሚቆየው እስኪቸግረው ድረስ ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ጤፉን በጥር ሸጦ ብሩን ለሰኔ ማዳበሪያ የሚያስቀምጠው የጊንጪ ገበሬ ነው። በጥር የያዘው ብር በሰኔ ያንኑ ያህል ካልገዛለት፣ አዋጁ ከወረቀት አላለፈም ማለት ነው።