የመደቡ ጠርዝ

«ማዘር፣ ጠርዙ ምን ዓይነት ይሁንልዎት?» አለኝ ልጁ።

ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ ሰው ነጭ ሆኗል። ከኋላው የሚጮኸው ግራይንደር ለአፍታ ጋብ ሲል ነው የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ለኪችኔ የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ እብነ በረድ ይሁን፣ ግራናይት ይሁን፣ ወይስ ከውጭ የሚመጣው ኳርትዝ ይሁን እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰንብቼ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጠርዝ የሚባል ሌላ ጣጣ አለው።

ልጁ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ናሙናዎች አሳየኝ። አንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሹል ማዕዘኑ ብቻ በስሱ ተሞርዷል። አንዱ የላይኛው ከንፈሩ ብቻ ክብ ሆኗል። አንዱ ከላይም ከታችም ክብ ነው፤ የበሬ አፍንጫ ይመስላል። ሌላው ገባ ወጣ እያለ የተቀረፀ፣ የድሮ መኳንንት ቤት ደረጃ የሚያስታውስ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ሁለት ድንጋይ ጫፍ ጫፉ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የተጋጠመበት ነው። ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ሲያዩት ስድስት ይመስላል። «አሁን ፋሽኑ ይኼ ነው» አለኝ። «ዋጋው ግን ይለያል፤ ሥራ አለው።»

«ሥራ አለው» ያላት ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝም እሷ ናት።

ነጋዴዎቹ ዕቃውን «ኪችን ቶፕ» ይሉታል። እኔ መደብ እለዋለሁ። በአያቴ ጓዳ የነበረው እሱ ነውና። የወፍጮው መደብ በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ፣ በእበት ተለቅልቆ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነበር። ወፍጮው ከላዩ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ዱቄቱ የሚወርድበት ጎድጓዳ አለ። ቁመቱ በአያቴ ቁመት ልክ ነው። እኛ ልጆች ለመፍጨት ስንታዘዝ ከእግራችን ሥር ድንጋይ እናስቀምጥ ነበር። የፊት ጠርዙ፣ ሆዷን አስደግፋ መጁን የምትገፋበት ቦታ፣ ክብ ነበር። እንዲህ ይሁን ብሎ ናሙና ያሳያት የለም። በየሳምንቱ በእጇ ስትለቀልቀው፣ በየቀኑ በሆዷ ስታሸው በራሱ ጊዜ ከበበ።

ወፍጮው ሲለሰልስ ይወቀራል። አያቴ በሹል ድንጋይ ቀስ እያለች ስትወቅረው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። የመጀመሪያው ፈጭም ጥርስ የሚያንገጫግጭ አሸዋ ስላለበት ይደፋል። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ከአያቴ ጓዳ ወደ ፍራንክፈርት ልውሰዳችሁ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ከተሞች በቤት እጦት ተጨንቀው ነበር። በፍራንክፈርት ኧርንስት ማይ የተባሉት አርክቴክት በርካሽ የሚገነቡ ሰፋፊ የሠራተኛ ሰፈሮችን ሲያቅዱ፣ ኪችኑን እንዲነድፉ የተመረጡት ወይዘሮ ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ናቸው። በ1897 ቪየና የተወለዱ፣ ከኦስትሪያ የመጀመሪያዎቹ ሴት አርክቴክቶች አንዷ ነበሩ። የሚገርመው፣ እስከዚያ ድረስ ለራሳቸው እንኳ ምግብ አብስለው እንደማያውቁ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ሙያውን በእጃቸው ባያውቁትም በሰዓት ለኩት። አንዲት ሴት ከምድጃ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ መደርደሪያ ስንት እርምጃ ትሄዳለች? በባቡር ላይ ያሉ የምግብ ማዘጋጃዎች በዚያች ጠባብ ቦታ ያን ሁሉ ተሳፋሪ እንዴት ይመግባሉ? ከዚህ ሁሉ በ1926 የወጣው «የፍራንክፈርት ኪችን» የሚባለው ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወደ አሥር ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ገባ።

መደቡ ጠንካራ የቢች እንጨት ሲሆን ከመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል። የሽንኩርቱ ልጣጭ ተጠርጎ የሚወርድበት ተንሸራታች መሳቢያ ከመደቡ ጋር ተሠርቶለታል። ከፊቱ የሚሽከረከር በርጩማ አለ፤ ሴቲቱ ቁጭ ብላ እንድትከትፍ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው በርጩማውን ነው። ዛሬ በምንሠራው ኪችን ቁጭ ብሎ መሥራት የታሰበለት ስንቱ ነው? ቡና የሚፈላበት ቦታ ግን የላትም፤ ጎረቤት መጥቶ አጠገብሽ የሚቀመጥበትም የለም። ያቺ ጠባብ ክፍል ሴቲቱን ከድካም ብታሳርፋትም ብቻዋን አስቀርታታለች እያሉ በኋላ የወቀሷቸው አሉ። ወይዘሮዋ የፋሺስት ተቃዋሚ ሆነው በ1941 ተያዙ፤ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስም ናዚዎች አሰሯቸው። ከዚያ ሁሉ ተርፈው፣ መቶ ሦስተኛ የልደት በዓላቸው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ በጥር ወር 2000 ዐረፉ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ጥያቄው የሴቲቱ ወገብና እግር ነበር። መደቡ አንድ ወጥ ሆኖ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የመዘርጋቱ፣ ቁመቱም በአሜሪካ 36 ኢንች (91 ሳንቲ ሜትር ያህል) ሆኖ የመለመዱ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። አያቴን ቢለኩ ኖሮ ሌላ ቁጥር ይወጣ ነበር፤ ግን ማንም አልለካትም።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው የገጹ ሆነ። ፎርማይካን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1912 ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች፣ ዳንኤል ኦኮነርና ኸርበርት ፌበር፣ ለኤሌክትሪክ መከለያ ይውል በነበረው ማይካ በተባለው ማዕድን ፋንታ የሚሆን ነገር ሲፈልጉ የሠሩት ነው። ስሙም «ፎር ማይካ» ማለት፣ በማይካ ምትክ እንደማለት ነው። ሬንጅ መሰል ሙጫ የጠጣ ወረቀት ተደራርቦ በሙቀትና በከባድ ግፊት ይታተማል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሜላሚን የተባለው ሙጫ ሲጨመርበት ሙቀትና እድፍ ቻለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በየኪችኑ ገባ። ችግሩ ጠርዙ ነበር። ከላይ እብነ በረድ የመሰለው ከጎን ሲያዩት ቡናማ የወረቀት መስመሩ ይጋለጣል። ስለዚህ በአሉሚኒየም ጥብጣብ ይሸፈናል። የአክስቴ ጠረጴዛ እንዲህ ዓይነት ነበር፤ በጥብጣቡና በገጹ መካከል የገባውን የዳቦ ፍርፋሪ በመርፌ ስናወጣ አድገናል። ቆይቶ ገጹን በሙቀት አጥፎ በጠርዙ ላይ ማጎንበስ ተቻለ።

በ1967 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ኮሪያን ብሎ የሰየመውን አክሪሊክ አመጣ፤ መጋጠሚያው የማይታይ፣ ጠርዙም እንደ እንጨት የሚላግ ነው። በዚህ ላይ አልቆይም፤ ወደ ድንጋዩ መድረስ እፈልጋለሁና።

እብነ በረድ ቆንጆ ነው። የዳለቲን እብነ በረድ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን ከኖራ ዘር ስለሆነ ሎሚ ይበላዋል፤ አንድ ጠብታ ብትረሺበት ጠዋት ላይ ብርሃኑ የጠፋ ክብ ታገኚያለሽ። እርድም ይገባበታል። ግራናይት ሎሚን አይፈራም። ይሁን እንጂ አንዱ ቁራጭ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ዘይት የሚመጥም አለ። ሰው የፈለገው የድንጋይ ጥንካሬ ያለው፣ የድንጋይ ጠባይ ግን የሌለው ድንጋይ ነበር። ይህን ያመጡት ማርቼሎ ቶንቼሊ የተባሉ ጣሊያናዊ ናቸው። በ1963 በትሬቪዞ አካባቢ ብሬተን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የኩባንያው ማሽን የተፈጨ ኳርትዝ ከጥቂት ሙጫ ጋር አዋህዶ፣ አየሩን መጦ፣ እያንቀጠቀጠ ይጨምቀዋል፤ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። ከክብደቱ ከዘጠና በመቶ በላይ ኳርትዝ ነው። ማሽኑ በየአገሩ ተሸጠ። በእስራኤል ስዶት ያም በተባለው ኪቡትዝ በ1987 ሲዘርስቶን ተቋቋመ፤ በስፔን ኮሴንቲኖ በ1990 ሳይልስቶንን አወጣ። ቀለሙ የተስተካከለ፣ ሎሚና እርድ የማይደፍሩት፣ የጋለ ድስት ብቻ ሙጫውን የሚጎዳበት መደብ እነሆ ተገኘ።

አሁን ወደ አያቴ ነጠላ ልመለስ።

ኳርትዝ ክሪስታል ሲሊካ ነው። በእብነ በረድ ውስጥ ሲሊካ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አያልፍም፤ በግራናይት ሲሶ ያህል ይደርሳል፤ በዚህ በተሠራው ድንጋይ ግን ከዘጠና በመቶ ያልፍ ነበር። ሲቆረጥ ከሚቦነው አቧራ ዓይን የሚያየው ትልቁን ነው፤ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል። የሚገድለው የማይታየው ነው። እሱ ሳንባ ሥር ድረስ ይገባል፤ ከገባም አይወጣም። ሳንባው ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳውም ከሥራው ከወጡ በኋላ እንኳ መስፋቱን ሊቀጥል ይችላል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ባሳተሙት የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፍ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳል ጽፈውታል። ሐኪሞች ግን የማዕድን ጉድጓድ በሽታ ነው፣ ጊዜውም አልፏል ብለው ነበር። በ2012 በእስራኤል መርደኻይ ክሬመርና ባልደረቦቻቸው ቼስት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከ1997 እስከ 2010 ድረስ ወደ አገሪቱ የሳንባ ንቅለ ተከላ ማዕከል የተላኩ 25 ሲሊኮሲስ የያዛቸው ሰዎችን መርምረዋል። ሰዎቹ ከጉድጓድ አልወጡም። የኪችን መደብ ቆራጮች ነበሩ፤ የሚቆርጡትም በደረቁ ነበር።

ነገሩ የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ከፋብሪካ የሚወጣው ለስልሶና አብረቅርቆ ነው። የእኔ ቤት ልክ የሚሆነው በሁለተኛው ሱቅ ነው። እዚያ የሚቀረው ሥራ ልክ ማስገባት፣ ለዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ማውጣትና ጠርዙን መሞረድ ነው። ጠርዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ ግራይንደር ነው የሚሠራው፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ከድንጋዩ አንድ ክንድ እንኳ ሳያርቅ። ጠርዙ በከበበና ባጌጠ ቁጥር ብዙ ድንጋይ ወደ አቧራነት ይለወጣል። «ሥራ አለው» ማለት ይህ ነው።

በአውስትራሊያ ክዊንስላንድ በ2018 የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሠራተኞቹ ሲመረመሩ ብዙ ወጣቶች ታመው ተገኙ። በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱና የየክልሉ ሚኒስትሮች ድንጋዩ እንዲታገድ ተስማሙ፤ እገዳውም ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጸና። ይህን በማድረግ አውስትራሊያ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ካሊፎርኒያ በዚያው ታኅሣሥ አስቸኳይ ደንብ አወጣች፤ በደረቁ መቁረጥን የሚከለክል ነው። ኩባንያዎቹም ሲሊካው ያነሰ ድንጋይ ወደ መሥራት ዞረዋል። ውኃ አቧራውን በአብዛኛው ይይዘዋል፤ ከውኃው በተጨማሪ አየር መሳቢያና ተገቢ ጭምብል ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ኳርትዙን ትቼ ግራናይት አልኩ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለው፣ ማዕዘኑ እጅ እንዳይቆርጥ ብቻ በስሱ የተሞረደው ይሁንልኝ አልኩ። ደግሞም በውኃ ይቆረጥ። ባለሱቁ ሳቀ። «ማዘር፣ ለምደውታል እኮ!» ልጁ አፉ ላይ ያሰረው ሻርፕ ነበር። ውኃ ግቢውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ሥራም ያዘገያል ብሎ ዋጋ ጨመረብኝ። ከፈልኩ። ቆሜ አየሁ፤ አንድ ልጅ ጎማ ይዞ ውኃ እያፈሰሰ፣ ሌላው ቆረጠ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ድንጋዩ በሳምንቱ መጣ። ሲገጥሙት የዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በሁለት ሳንቲ ሜትር ጠበበ። እኔ ለሠራተኞቹ ዳቦ ልገዛ ወርጄ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ግራይንደሩ ይጮሃል። በሩን ስከፍት ኪችኑ የለም፤ ነጭ ጉም ነው፤ ልጁ ከመካከሉ ጎንበስ ብሏል። ጮህኩበት። አጥፍቶ ቀና አለ።

«ቤት ውስጥ በውኃ አይሆንም፣ ማዘር» አለኝ በትሕትና። «ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው፤ ይይዘኛል።»

መልስ አጣሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። ቧንቧው በዚያን ቀን ውኃ አልነበረውም፤ ከጀሪካን ቀድቼ በረንዳ ላይ አስታጠብኩት። ነጩ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ዕድሜው ታየኝ፤ ሃያ አይሞላውም። «ጠርዙ ግን አማረ አይደል?» አለኝ ፊቱን በሻርፑ እያደረቀ።