የቀዩ ጊታር ቅብ

የዕፅን ገላ ከእርጥበትና ከእጅ ወዝ ጠብቆ፣ የተፈጥሮ ሕብሩን ሳይሸፍን የሚያበራው ጥርት ያለ ቅብ፣ በቀደመው መዋዕል ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሆኖ፣ በአልኮል እየሟሟ በጨርቅ ይታሽ ነበር፤ ከ1920ዎቹ ወዲህ ግን ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለአውቶሞቢል ያወጣው ፈጥኖ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ላከር ወደ ዜማ መሣሪያ ሠሪዎች ተሻግሮ፣ የጊብሰንንና የፌንደርን ጊታሮች አለበሰ።

ዳሩ ግን የዚህ ጥበብ ታሪክ በፋብሪካ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በለንደን አጠገብ በፌልተም ይኖር የነበረው ወጣቱ ብራያን ሜይ፣ የሚመኘውን ጊታር ለመግዛት አቅም ስላነሰው፣ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋራ በገዛ እጁ ሊሠራው ተነሣ፤ አንገቱንም ከአሮጌ የምድጃ ግንባር ማሆጋኒ ቀርጾ፣ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈነ፤ ለድምፅ ማርገብገቢያውም የሞተር ብስክሌት ሞላ አዋለ። በፍጻሜውም ሩስቲንስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚያወጣውን፣ ከአሲድ ማጠንከሪያ ጋራ ተዋሕዶ የሚጸናውን ቅብ ደራርቦ ቀባው፤ የማሆጋኒውም ቅላት ከቅቡ ሥር ጎልቶ ታየ።

እንዲህ ዓይነቱ ቅብ መደረብን፣ እስኪደርቅ መታገሥን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስንና መወልወልን ስለሚጠይቅ፣ የሠሪውን ትዕግሥት ይመረምራል። ሁለት ዓመት ያህል የተደከመበት ይህ ጊታር ሜይ ከተጫወተበት ከኩዊን የሙዚቃ ጓድ ጋራ ዓለምን ዞሮ፣ በ2002 በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ መሰማቱ፣ በቤት ውስጥ በትጋት የተፈጸመ ሥራ ከፋብሪካ ሥራ እኩል ክብር እንደሚገባው ያስረዳል።