ያልነበረችው ቀን እና መመሪያ ጸሐፊዎቹ

በፓይተን የሚሠሩ የዳታ ባለሙያዎች ጠዋት ማታ የሚጠሯት አንዲት ፈንክሽን አለች። ስሟ ‹‹ሪድ ኤክሴል›› ይባላል። መኖሪያዋ ፓንዳስ የተባለው ላይብረሪ ነው፤ ሥራዋም እንደ ስሟ ነው። የኤክሴል ፋይል ትሰጧታላችሁ፣ እሷም ሰንጠረዡን አንብባ ለፕሮግራማችሁ ታስረክባለች። አብሯት የሚመጣው መመሪያ ግን ረጅም ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያነበው ሰው ብዙ አይመስለንም። እኛ አነበብነው። መሰልቸታችንን አንደብቅም፤ ቢሆንም ግማሹ መስመር የአንድ የድሮ ጥፋት ጠባሳ መሆኑ ሲገባን ነገሩ ታሪክ ሆኖ አገኘነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ስለ አገራችን ወሮች ከምናነሳው በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከፓንዳስ በፊት ይጀምራል። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ‹‹ቪዚካልክ›› የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል ቱ ኮምፒውተር አወጡ። የሒሳብ ሠራተኛው በእርሳስና በላጲስ ሲታገለው የኖረውን ሰንጠረዥ፣ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ሌላውም አብሮ እንዲለወጥ አድርገው ስክሪን ላይ አመጡለት። በ1983 ‹‹ሎተስ 1-2-3›› መጣና ገበያውን ጠቀለለው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ኤክሴልን በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ አቀረበ።

ሎተስ ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ፣ ማግስቱን ሁለት እያለ ይቆጥራል። ችግሩ 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ያላት ዓመት አድርጎ መቁጠሩ ነው። በጎርጎርዮስ ሕግ ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ያቺን ተጨማሪ ቀን አያገኝም፤ 1900ም አላገኘም። (እኛ ዘንድ ይቀላል፤ በየአራት ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ አለቀ።) ኤክሴል ሲመጣ የሎተስን ፋይሎች ያለ ጭቅጭቅ መክፈት ነበረበትና ስህተቱን እያወቀ ወረሰው። ዛሬም በዊንዶውስ ኤክሴል 60 ቁጥርን ‹‹ቀን አድርገው›› ብትሉት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ይላችኋል። በዚያ አቆጣጠር ማንም ያልኖረባት ቀን ናት። የማኪንቶሹ ኤክሴል ቆጠራውን ከ1904 ጀምሮ ከዚህ ጣጣ ሸሸ። በዚህም የተነሳ ያው አንድ ቁጥር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ1,462 ቀናት ልዩነት ያመጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጉድ የሌላ ድርጅት ፕሮግራም እንዴት ያንብበው? የድሮው የኤክሴል ፋይል በኖትፓድ ቢከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። መንገዱን የከፈተው መመሪያ ከማይክሮሶፍት ሳይሆን ከተፎካካሪው ሰፈር መጣ። የኦፕንኦፊስ ሰዎች የኤክሴልን ፋይል አሠራር አጥንተው ሰነድ አድርገው አስቀመጡ። ጆን ማቺን ያንን ሰነድ ተመርኩዞ ‹‹ኤክስኤልአርዲ›› የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ ሠራ፤ ያ ሰነድ ባይኖር ሥራው እንደማይቻልም በግልጽ አመስግኗል። ማቺን በራሱ መመሪያ ላይ ያሰፈረውን ሐሳብ ወደነዋል፦ ኤክሴል ውስጥ ቀን የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ቁጥርና መልካም ተስፋ ብቻ ነው ይላል። ማይክሮሶፍት የድሮዎቹን ፋይሎች አሠራር በ2008 ይፋ ሲያደርግ የኤክሴሉ ብቻ 349 ገጽ ሆኖ ተገኘ።

ዌስ ማኪኒ የፓንዳስን ሥራ የጀመረው በዚያው በ2008፣ ‹‹ኤኪውአር›› በተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ነው። ላይብረሪው በቀጣዩ ዓመት ኦፕን ሶርስ ሆነ። ሪድ ኤክሴል ፋይሉን ራሷ አትፈታም፤ ለረጅም ጊዜ የተደገፈችው በማቺን ኤክስኤልአርዲ ላይ ነበር። ይህ ጥገኝነት በዲሴምበር 2020 ዋጋ አስከፈለ። ኤክስኤልአርዲ 2.0 ሲወጣ ከድሮው ‹‹ኤክስኤልኤስ›› በቀር አዲሱን ‹‹ኤክስኤልኤስኤክስ›› ፋይል ማንበብ አቆመ፤ አንዱ ምክንያት የደህንነት ስጋት ነበር። ማታ የሠራ ፕሮግራም ጠዋት ‹‹አልችልም›› አለ። ፓንዳስ 1.2 ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርሶ ሥራውን ‹‹ኦፕንፓይኤክስኤል›› ለተባለው ሌላ ላይብረሪ አስተላለፈ። ዛሬ በመመሪያው ላይ ‹‹ኢንጂን›› በሚለው ቃል ስር የተደረደረው ማብራሪያ የዚያ ግርግር ቅሪት ነው።

በዚያው 2020 በእንግሊዝ የሆነው ግን ከግርግር ያለፈ ነው። የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቱ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን በድሮው የኤክሴል ፋይል ይሰበስብ ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዘልም። የተረፈው ዝም ብሎ ወደቀ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ጎደሉ። ሰዎቹ ውጤታቸውን ሰምተዋል፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩትን ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ ግን ዘገየ። ለወረርሽኝ አንድ ሳምንት ምን እንደሆነ አሁን ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ መመሪያው እንመለስ። ሪድ ኤክሴል ሴል ውስጥ ‹‹ኤንኤ›› የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስታይ መረጃ የለም ማለት ነው ብላ ባዶ ታደርገዋለች። የናሚቢያ ዓለም አቀፍ መለያ ደግሞ እነዚሁ ሁለት ፊደላት ናቸው። የአፍሪካ አገሮችን ሰንጠረዥ ያስነበበ ሰው፣ መመሪያውን ካላየ፣ አንዲት አገር ሳትሰናበተው ትጠፋበታለች። ‹‹ኪፕ ዲፎልት ኤንኤ›› የምትለው አማራጭ የተጻፈችው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የእኛም አገር ሰንጠረዥ የራሱ ፈተና አለበት። በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር በቁጥር ሴል ውስጥ ከገባ ኤክሴል ዜሮውን ይበላዋል፤ ሪድ ኤክሴል የምታገኘው ዘጠኝ አሃዝ ነው። የባሰው ቀን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ለማለት 30/02/2016 ብላችሁ ጻፉ፤ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ስለማያውቅ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት 12ን 12/02/2016 ብትሉ ግን ደስ ብሎት ይቀበላችኋል፤ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ፌብሩዋሪ 12 ወይም ዲሴምበር 2 ያደርገዋል። ቀኑ ሰባት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ጳጉሜን 5 ወርን በሚያስቀድም የአሜሪካ አቀማመጥ 05/13/2015 ተብላ ከገባች ሜይ 13 ሆና ትወጣለች። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ! ስህተቱ ‹‹ስህተት›› የሚል ቀይ መስመር ቢያወጣ እንኳ በተሻለ ነበር፤ ዝም ማለቱ ነው ክፋቱ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ‹‹ማርች1›› እና ‹‹ሴፕት2›› የሚባሉ የሰው ጂኖችን ኤክሴል ወደ ቀን ሲለውጥባቸው ሳይንቲስቶቹ ከፕሮግራሙ ጋር መታገል ሰልችቷቸው የጂኖቹን ስም ቀየሩ። በ2020 በወጣው የስያሜ መመሪያ አንዱ ‹‹ማርችኤፍ1››፣ ሌላው ‹‹ሴፕቲን2›› ሆነዋል።

እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች የሚጽፈው ማን ነው? በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማርች 10 ቀን 2018 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተለያዩ የዓለም ከተሞች በአንድ ቀን ተቀምጠው የፓንዳስን መመሪያ ሲያርሙ ዋሉ። አዲስ ኮድ አልጻፉም፤ ምሳሌ ጨመሩ፣ የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር አቀኑ። ለመመሪያው ወጥ ሕግ ወጣለት፤ በውስጡ ያሉት ምሳሌዎችም በእርግጥ እንደሚሠሩ በማሽን የሚፈተኑበት መንገድ ተበጀ። የሪድ ኤክሴል ምሳሌዎች ግን ይህን ፈተና አይወስዱም። ‹‹ቲኤምፒ›› የሚባል የኤክሴል ፋይል ክፈት ይላሉ፤ ፋይሉ ግን የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዳቸው ጎን ለመርማሪው ማሽን ‹‹ይህን እለፈው›› የምትል አጭር ማሳሰቢያ ተጽፋለች።

ስለ ቀን በሚያወራው ክፍል ደግሞ እኛን ፈገግ ያሰኘ ምክር አለ። አንዳንድ ሴሎች ቀን ተደርገው እንዳይነበቡ ከፈለጋችሁ ወደ ኤክሴል ተመለሱና ዓይነታቸውን ‹‹ጽሑፍ›› አድርጓቸው ይላል።