በታይላንድ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራው የዶሮ ወጥ ታሪክ

ቀድሞ ሲያም ትባል በነበረችው በታይላንድ አገር፥ የዶሮ ሥጋ ከተወቀጠ ቅመምና ከኮኮናት ወተት ጋር የሚሠራበት ወጥ «ጌንግ» ከሚባሉት ምግቦች ወገን ነው። የሚቀምሰው እንግዳ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ሆኖ የኖረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ክፍሎቹን አንድ በአንድ የመረመረ እንደሆነ ብዙው ከውጭ የገባ ሆኖ ያገኘዋል።

ዛሬ የዚህ ወጥ መለያ የሆነው በርበሬ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው። ፖርቱጋሎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1511 ዓ. ም. ማላካን ከያዙ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ወደ አዩታያ ንጉሥ መልእክተኛ ላኩ፤ በርበሬም ከዚያ ወዲህ በእነርሱ ንግድ አማካይነት እንደ ገባ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያ በፊት ለወጡ ማቃጠልን ይሰጥ የነበረው ቁንዶ በርበሬ ነው። ለዚህም ቋንቋው ምስክር ነው፤ የአገሩ ሰዎች በርበሬን «ፕሪክ» ሲሉት፥ ቁንዶ በርበሬን «ፕሪክ ታይ»፥ ማለት «የታይ በርበሬ» ይሉታል። እንግዳው ስሙን ወረሰ፤ የቀደመው ግን መለያ ተጨምሮለት ቀረ። በአማርኛም ሁለቱ «በርበሬ» እና «ቁንዶ በርበሬ» ተብለው በአንድ ስም መጠራታቸው ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል።

ሌላው እንግዳ የመጣው ከምዕራብ ነው። «ማሳማን» የተባለው ወጥ ስሙን ያገኘው «ሙስሊም» ከሚለው ቃል እንደሆነ ይታመናል። በ17ኛው መቶ ዓመት ከፋርስ የመጡ ነጋዴዎች በአዩታያ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሹመት ነበራቸው። በዚህ ወጥ ውስጥ ሄል፥ ቀረፋ፥ ቅርንፉድና ከሙን ተቈልተው፥ ከጠጅ ሣር፥ ከነጭ ሽንኩርትና በጨው ከቦካ ሽሪምፕ ጋር ይወቀጣሉ። ከ1809 እስከ 1824 ዓ. ም. የነገሠው ዳግማዊ ራማ ደረሰው በሚባለው ስለ ምግብ በተጻፈ ግጥም ውስጥ ማሳማን ተወድሷል፤ ስለዚህ የእንግዶቹ ወጥ በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ምግብ ሆኖ ነበር።

የአገሩ ሙያ ጐልቶ የሚታየው በአሠራሩ ነው። አስቀድሞ ወፍራሙ የኮኮናት ወተት ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ ይፈላል፤ ቅመሙ በዚያ ዘይት ይቁላላል፤ ከዚያም ዶሮው ይገባል፤ በመጨረሻ ቀጭኑ ወተት ይጨመራል። በፋርስና በህንድ ቅቤ የሚፈጽመውን ሥራ እዚህ ኮኮናት ይፈጽመዋል።

እንግዲህ ከውጭ የገባውን ሁሉ አውጥቶ ንጹሑን የታይ ወጥ አገኛለሁ የሚል ሰው ድስቱን ባዶ ሊያደርገው ጥቂት ይቀረዋል። ወጡን የታይ ያሰኘው፥ ሕዝቡ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ በራሱ የአሠራር ሥርዓት ማሳደሩ ነው።